ሹፌሩ ለምን ተሰበረ

ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። የተሰበረውን የጎልፍ ዱላ ጠረጴዛዬ ላይ ያጋድመዋል፣ ከዚያ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ለምን ተሰበረ ይለኛል። ከልምዴ የማውቀው ግን ምክንያቱን ለማወቅ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደሌለ ነው። የሚፈልገው ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ እንድነግረው ነው። ዕቃው ፎርጅድ ነው፣ ፋብሪካው ነው፣ ወይ ቦርሳ ተሸካሚው ጥሎት ነው ካልኩት ደስ ብሎት አመስግኖኝ ይሄዳል። እውነቱን ከነገርኩት ኮስተር ይልና ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ እውነቱን አለሳልሼ ነው የምናገረው።

የምሠራው ከብስራተ ገብርኤል ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ቀለም ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የጎልፍ ዱላ በመጠገን የሚኖር ሰው አለ ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ሀና ማርያም ያሉት ጎረቤቶቼ እስካሁን ብየዳ ላይ ያለሁ ነው የሚመስላቸው፣ በርና መስኮት ያዝዙኛል። ማስረዳት ስለሚደክመኝ ጓደኞቼ ጋ እልካቸዋለሁ።

ከዱላዎቹ ሁሉ ቶሎ የሚሰበረው ረጅሙ ነው። ዘንጉ ቀጭን፣ ጭንቅላቱ ደግሞ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ። ኳሷን ከመነሻው አርቆ ለመላክ መጀመሪያ የሚመዘዘው እሱ ነው። ፈረንጆቹ ድራይቨር ይሉታል። ካዲዎቹ፣ ማለትም የተጫዋቾቹን ቦርሳ ተሸክመው ሜዳውን የሚዞሩት ልጆች፣ ስሙን ቀጥታ ወደ አማርኛ አምጥተው ሹፌር ይሉታል። ሹፌሩን አቀብለኝ፣ ሹፌሩን ጥረገው፣ ዛሬ ደግሞ ሹፌሩ አልታዘዝ አለ። ከሜዳው አጥር ውጭ ያለ ሰው ሲሰማቸው ግራ ይገባዋል፤ እነሱ ግን ለምደውታል።

ይህን ቃል ወደ ቤታችን ይዞት የመጣው ወንድሜ ነው። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እሱ ስምንተኛ ክፍል ነበር፤ ትምህርቱን አቋርጦ ካዲ ሆነ። እኔ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ የብረታ ብረት ሥራ እስክጨርስ ድረስ ቦርሳ የተሸከመው እሱ ነው። ይህን ውለታ አንድም ቀን አላስታወሰኝም። እንዲያውም መማሬን ከእኔ በላይ እሱ ይኮራበት ነበር። ስልክ ሲገዛ የቱን ልግዛ ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው። ልጁን ሲያማት የት ሐኪም ቤት ልውሰዳት የሚለው እኔን ነው። ተከራይቶ ሊገባበት ያሰበውን ቤት ግድግዳ ሳልመታና ሳላዳምጥ ውል አይፈርምም ነበር። አንተ ተምረሃል ይለኛል። የተማርኩት ብረት መቁረጥና መበየድ ነው፤ እሱ ግን ልዩነቱን አያይም ነበር።

ካዲዎች ሜዳው ጭር በሚልባቸው ቀናት እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸዋል። ወንድሜ ሲመታ ሌሎቹ ቆመው ያዩታል አሉ። ይህን የነገሩኝ ቦርሳቸውን ለዓመታት የተሸከመላቸው አንድ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ወንድምህ አይታገልም፣ ዱላው ራሱ እንዲሠራ ይተወዋል አሉኝ አንድ ቀን። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፣ ብቻ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሜዳው ከካዲዎቹ መካከል አንድ ረዳት አሰልጣኝ በፈተና ሊቀጥር ነው ተባለ። ዕድሜው ከአርባ ያላለፈ። ወንድሜ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ትከሻው በቦርሳ ማንገቻ ሰንብሮ፣ በብርድ ቀን ግራ እጁን ከደረቱ በላይ ማንሳት ያቅተው ጀምሯል። ይህ ፈተና ካመለጠው ቀጣዩ የሚያመልጠው ትከሻው ራሱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ለፈተናው ኢንጂነሩ የራሳቸውን ሹፌር አዋሱት። ውድ ዕቃ ነው፤ እሳቸው ግን ሲያውሱት እንደ ቀላል ነገር ነው ያደረጉት።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሹፌሩ ጭንቅላት አንገቱ ላይ ይሽከረከር ጀመር። ምክንያቱን ዛሬ አውቀዋለሁ። ኢንጂነሩ ዱላቸውን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ በምትቆም መኪናቸው ውስጥ ነው የሚተዉት፤ ጭንቅላቱን ከዘንጉ ጋር የሚይዘው ማጣበቂያ ደግሞ ሙቀት ሲደጋገምበት ይልማል። ያኔ ግን ወንድምህ ብረት ሠራተኛ አይደል፣ እስቲ ያየው ነው ያሉት። ወንድሜም በጨርቅ ጠቅልሎ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ወደምሠራበት ብየዳ ቤት ይዞልኝ መጣ።

እዚህ ላይ ሞርሳን ማስተዋወቅ አለብኝ። ሞርሳ ጠረጴዛ ላይ በቡሎን የሚታሰር፣ ሁለት ጥርሳም መንጋጋ ያለው የብረት መያዣ ነው። እጀታውን ስታዞር መንጋጋዎቹ ይገጥማሉ፣ የያዙትን አይለቁም። አለቃዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ነገር ሞርሳ ማጥበቅን ነው። ላልቶ የታሰረ ብረት ግራይንደር ሲነካው ተስፈንጥሮ እጅ ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ በእጀታው ላይ ተንጠላጠልበት፣ ሲጢጥ እስኪል አጥብቀው ይል ነበር። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንሠራው። የበር ማዕዘን፣ የውሃ ቱቦ፣ የብስክሌት ሹካ፣ ሁሉም እዚያ መንጋጋ ውስጥ ገብቶ ሲጢጥ ይላል። ብረት ይችለዋል።

የሹፌሩ ዘንግ ብረት አልነበረም። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለጉድ የቀለለ። ቀለም የተቀባ ስስ ቱቦ መስሎኝ ነበር። ካርቦን እንደሚባል፣ በማጣበቂያ የተጋገረ ክር እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አለመጠየቄ ዛሬም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የማላውቀውን ነገር የማውቅ መምሰል ያኔ ትልቁ ሙያዬ ነበር። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ሲያየኝ ደግሞ ይብስብኛል። ከአንገቱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ በሞርሳው ያዝኩት፣ ጨርቅ እንኳ ሳላስገባበት። ተንጠላጠልኩበት። አንገቱን በእሳት አሞቅኩና ጭንቅላቱን ሳብኩት፤ አልወጣም ሲለኝ እንደገና አጠበቅኩ። ያን ጊዜ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። የደረቀ ሙጫ ሲላቀቅ የሚሰማ ድምፅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጭንቅላቱ ወጣ። አጸዳሁት፣ ከመርካቶ ባስመጣሁት ጥሩ ኢፖክሲ ማጣበቂያ መልሼ አጣበቅኩት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሳልነካው አስቀመጥኩት። የሞርሳው ጥርስ በዘንጉ ግራና ቀኝ የተወውን ጠባሳ በጥቁር ማርከር ቀባሁት። ለመልክ ነው ብዬ ነው። ወንድሜ ሊወስደው ሲመጣ ብየዳ ቤቱ ፊት ለፊት ባሉት የመስኮት ፍሬሞች መካከል ቆሞ አንድ ጊዜ ወዘወዘው። መንገዱ ላይ የነበሩት የታክሲ ወያላዎች ሳቁበት፣ እሱም ሳቀ። አልተነቃነቀም፣ እጅህ ይባረክ አለኝ።

የፈተናው ዕለት አብሬው ሄድኩ። ያን ሜዳ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ካልሆነ በቀር አይቼው አላውቅም ነበር። ሣሩ ላይ መርገጥ ይፈቀድ እንደሆነ አንዱን ካዲ ጠይቄ ነው የገባሁት። ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ዋናው የሜዳው አሰልጣኝ ነው። ወንድሜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ከሁሉም በልጦ እንደነበር ካዲዎቹ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ሦስተኛው ላይ ሹፌሩን አነሳ። ሲመታ የተለመደው ድምፅ አልወጣም፤ ቋ የሚል፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ሲቀነጠስ የሚወጣው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ጭንቅላቱ እየተሽከረከረ ሄዶ ፈታኞቹ እግር ሥር ወደቀ። ሁላችንም ያየነው እሱን ነው። ወንድሜ ግን የቀረውን ዘንግ ይዞ፣ ወደ ፊት እያየ፣ እንደመታ ቆሞ ቀረ።

አሰልጣኙ ጭንቅላቱን ከመሬት አነሳና አገላበጠው። ወደ ወንድሜ ሄዶ፣ ሁሉም እየሰማ፣ መጀመሪያ የመታው መሬቱን እንደሆነ፣ ጎልፍ እንጨት ፈለጣ እንዳልሆነ፣ እንዲህ ያለ ክንድ ይዞ ልጆች ማስተማር እንደማይቻል ነገረው። ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም። የተሰበረ ዱላ አይቶ ወዲያው ፍርድ መስጠት የለመደ ሰው ነው፤ እኔም ዛሬ እንደዚያው ነኝ። ወንድሜ በሌሎቹ ዱላዎች ፈተናውን ጨረሰ። እጁ ከዚያ በኋላ የሚታገል እጅ ሆነ፣ ያን እኔም እንኳ አየሁት። ቦታው ለሌላ ካዲ ተሰጠ።

ኢንጂነሩ አልተቆጡም። ዱላ ይሰበራል ነው ያሉት። በሚቀጥለው ሳምንት ቦርሳቸውን ሌላ ካዲ ይዞ ነበር።

እናታችን ነገሩን የሰማችው ከወንድሜ ባልደረባ ነው። ልጅሽ ያዘነው ሹፌሩ ተሰብሮበት ነው ብሏታል በስልክ። እማዬ መኪና ተገልብጦ ሰው የተሰበረ መሰላት። በማግስቱ ሀና ማርያም ሄዳ ሹፌሩ ከዳነ ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች። ለሳምንታት ያ ሹፌር እንዴት ሆነ፣ ልጆች አሉት ወይ ትላለች። እኔ ላስረዳት ስል ወንድሜ በዓይኑ ከለከለኝ። እየተሻለው ነው ይላታል። በኋላ ድኗል፣ ሥራ ጀምሯል አላት። እሷም ደስ ብሏት ጃንጥላውን አስገባች። ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ነገር ደስ ያለው ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ፈተናው ካለፈ በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ሁለቱን ስባሪዎች በፌስታል ይዞ ብየዳ ቤት መጣ። ሞርሳው አጠገብ አስቀመጣቸው። እንዲጠገን አይደለም፣ ብቻ እየው አለኝ። አየሁት። ዘንጉ የተቆረጠው ከአንገቱ አንድ ስንዝር ላይ ነው። ማርከሩ ተልጦ፣ ሁለት ጠፍጣፋ ጠባሳዎች ፊት ለፊት ተያይተው፣ ክሩ ከዚያ ጀምሮ ተበትኗል። በጠባሳው ላይ ያሉት ነጠብጣቦች የሞርሳዬ ጥርሶች ናቸው፤ የቱ ጥርስ እንደጎደለ እንኳ ይታይ ነበር።

"ለምን ተሰበረ?" አለኝ።

እሱ እንደ ደንበኞቼ አልነበረም። እውነት ማወቅ ፈልጎ ነበር የጠየቀኝ።

"መሬት መትተህ ይሆናል" አልኩት። "አሰልጣኙ ያለው ሳይሆን አይቀርም።"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ኢንጂነሩ ዱላቸውን እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬ ነበር። ውሸት ነው። የፈራሁት የወንድሜን ዓይን ነው። በሕይወቴ ሙሉ አንተ ተምረሃል ሲለኝ የኖረ ሰው አላወቅኩም ነበር ስለው የሚያየኝን አስተያየት መቋቋም አልቻልኩም። ያን ቀን ብነግረው ፈተናው በድጋሚ ይሰጠው እንደሆነ አላውቅም። ኢንጂነሩ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ፣ ወንድሜም አርባ ሊሞላው ስምንት ወር ይቀረው ነበር። ምናልባት ይሰጠው ነበር። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፣ አንተ ካልክ አለኝ፣ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ዱላ አልያዘም። ሌሎቹ ሜዳው ጭር ሲል ሲጫወቱ እሱ ጫማውን ይጠርግ ነበር አሉ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሥራውን ተወና የአንድ አፓርታማ ጥበቃ ሆነ። በዱላ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ቤቱ አምፖል ሲቃጠል ጎረቤት ይጠራል። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አይነካውም። ልጁ የብስክሌቷን ሰንሰለት መልስልኝ ስትለው ወደ እኔ ይልካታል። እጄ ሰባሪ ነው ይላል እየሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የልጅቱን ሰንሰለት የምመልሰው እኔ ነኝ። እውነቱ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ እንደተመለሰ አልቆጠርኩትም።

እኔ በበኩሌ ያን ፌስታል መጣል አቃተኝ። ስባሪውን ማታ ማታ አወጣና አየዋለሁ። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ፈልጌ ካርቦን ምን እንደሆነ ተማርኩ። ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ይሰረጉዳል፣ ያሳውቅሃል። ካርቦን አያሳውቅም። ክሩ ውስጥ ለውስጥ ከተበጠሰ በኋላም ቀጥ ብሎ ቆሞ አሥርም ሃያም ምት ይመታል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይሄዳል። ሞርሳ ላይ ሲታሰር በቁመቱ የተቀደደ ጎማ እንደሚለብስ፣ ሲጠብቅም በሁለት ጣት ብቻ እንደሆነ ያወቅኩት ከስብራቱ በኋላ ነው። ስማር እጄ ላይ ሌላ ዱላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። ካዲዎቹ ተቀባበሉኝ። በዓመቱ ብየዳውን ትቼ ይህችን ክፍል ተከራየሁ። እንጀራዬ የወጣው ከዚያ ስብራት ነው።

አሁን ለሚጠይቀኝ ሰው ብዙ የምነግረው አለኝ። የሹፌር ፊት ስስ ነው፣ ከመሃሉ ይልቅ ወደ አንገቱ የሚመታ ሰው ቶሎ ይሰነጥቀዋል። ለልምምድ የሚሆኑት ርካሽና ጠጣር ኳሶች ይበሉታል። በየሳምንቱ ፊቱን በጥፍርህ ዳሰው፣ ጥፍርህ የሚይዘው ጭረት ካለ ስንጥቅ ነው እላለሁ። ድምፁን ስማ፣ የተሰነጠቀ ገንቦ ሲያንኳኩት እንደሚሰማው ከሰማህ አቁም። ከሌሎቹ የብረት ዱላዎች ጋር ቦርሳ ውስጥ እየተጋጨ ዘንጉ እንዳይፋቅ ቆቡን አልብሰው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተወው። አትደገፍበት፣ ሲያመልጥህም ተናደህ መሬት አትምታበት። ይህን የመጨረሻውን ስነግራቸው ሁሉም እኔ እንዲህ አላደርግም ይላሉ፤ ግማሾቹ ይዋሻሉ። ሞርሳን ግን ለማንም አንስቼ አላውቅም ነበር። ጠጋኝ ነኝና ጠጋኝ ምን ሊያጠፋ እንደሚችል መናገር ለገበያ አይጠቅምም ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጥቼ ነበር።

ኢንጂነሩ አንድ ጊዜ መጥተውልኛል። አዲስ ሹፌር ገዝተው እጀታው ላይ ያለውን ላስቲክ እንድቀይርላቸው ነው። ስሠራ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ወንድሜ ጠየቁኝ። ጥሩ እጅ ነበረው፣ ያን ቀን ምን እንደነካው አይገባኝም አሉ። ክፍሏ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጊዜም ነበረኝ፣ ሰሚም ነበረኝ።

"ጉልበት ይወድ ነበር" አልኳቸው።

አዎ፣ እንደዚያ ይሆናል አሉ። ባለፈው ዓመት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ወንድሜ ከካዲዎቹ ጋር ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት፣ እኔም ሄጄ አጠገቡ መቆም አልቻልኩም።

ወንድሜ የሚጠብቀው አፓርታማ ከክፍሌ አምስት ደቂቃ በእግር ነው። የቀን ተረኛ ሲሆን ምሳ አብረን እንበላለን። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን ሽሮ አዝዘን ክፍሌ ውስጥ እየበላን ሳለ አንድ የባንክ ሠራተኛ የሆነ ደንበኛ የተሰበረ ሹፌር ይዞ ገባ። ወጣት ነው፣ ጨዋታውን ከጀመረ ብዙም አልቆየም። ፊቱ ቀልቷል። ጓደኞቹ ፊት ነው የተሰበረበት፣ አመታትህ ነው ብለው ሲስቁበት ውለዋል። እጄን ታጥቤ ስባሪውን ተቀበልኩትና ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። ከአንገቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ሁለት ጠፍጣፋ ጠባሳ። በቅርቡ አስጠግነኸው ነበር ወይ አልኩት። አዎ፣ አንድ ብረታ ብረት ቤት ሰጥቼው ነበር አለኝ።

ጉራዬ ነው ያሳሳተኝ። ያየሁትን ከእኔ በቀር ማንም ሊያየው እንደማይችል ስለማውቅ ማሳየት አማረኝ። ወንድሜ ከኋላዬ ተቀምጦ እየበላ መሆኑን ረሳሁት ማለት ይከብደኛል፤ ግን ረስቼው ነበር።

"ይሄ የሞርሳ ጥርስ ነው" አልኩት ልጁን፣ ጣቴን ጠባሳው ላይ አድርጌ። "አመታትህ ምንም አላደረገውም። ዱላው የተሰበረው የመታህበት ዕለት አይደለም፣ ሞርሳ ውስጥ የገባ ዕለት ነው።"

ልጁ ፊቱ ሲፈታ አየሁት። እጄን ጨብጦኝ፣ ለጓደኞቹ ሊያሳያቸው ጠባሳውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ ስባሪውን ትቶልኝ ሄደ። ዞር ስል ወንድሜ መብላት አቁሟል። ስባሪውን ከጠረጴዛው አነሳና በአውራ ጣቱ ጠባሳውን ዳሰሰው። ፌስታሉን ለእኔ ከመስጠቱ በፊት ያንን የራሱን ስባሪ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያገላብጠው ነበር የከረመው፤ ምን እያየ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

"የኔም እንዲህ ነበር" አለ። ጥያቄ አልነበረም።

"አዎ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ፌስታሉን ይዘህ የመጣህ ዕለት አወቅኩ።"

ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር፣ ቢመታኝም በወደድኩ። ስባሪውን ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። እኔ መለፍለፍ ጀመርኩ። ሜዳው ድረስ እሄዳለሁ፣ አሰልጣኙን አገኘዋለሁ፣ ሁሉንም እነግረዋለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩት። አሰልጣኙ ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ኢንጂነሩ የሉም፤ እሱ ራሱ አርባ ስድስት ሊሞላው ነው፤ ትከሻው አይነሳም። ይህን ሁሉ እኔም አውቃለሁ። ለማን ነው የምትነግረው አለኝ፣ በቁጣ ሳይሆን የምር መልስ እንደሚፈልግ ሰው።

ኮፍያውን አድርጎ ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

"ኳሷ እኮ ቀጥ ብላ ነበር የሄደችው" አለኝ። "እናንተ ሁላችሁ ጭንቅላቱን ስታዩ እኔ ኳሷን ነበር የማየው። መሃል ለመሃል፣ እስክትጠፋ ድረስ አየኋት። አንተ መሬት መትተሃል ስትለኝ፣ ዓይኔ ነው የተሳሳተው አልኩ።"

ሄደ። በማግስቱ ለምሳ ይቀራል ብዬ ነበር፣ መጣ። እንደ ወትሮው ሽሮ አዘዝን። እስካሁንም ይመጣል፤ ስለ እማዬ ጉልበት፣ ስለ ውሃው መጥፋት፣ ስለ ልጁ ትምህርት እናወራለን። ባለፈው ሳምንት ጥርሱን አሞት ጉንጩ አብጦ ነበር። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እያለሁ፣ ጥሩ የጥርስ ሐኪም የት እንዳለ እጀታ ሊያስቀይር የመጣውን የማያውቀውን ደንበኛ ጠየቀው።